«ፎር ዊል ነው፣ አይዞዎት» ማለት ይብቃን

ሞያሌ ላይ ጭነት ሲጫን የቆመ ሰው ይህችን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። ሰማዩ በሜጋ በኩል ጠቁሯል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንዲት ነጋዴ ጆንያቸውን እየቆጠሩ «ልጄ፣ ይሄ ዝናብ የሚተወን አይመስልም፤ አድረን ብንሄድስ?» ይላሉ። ሹፌሩ ገመዱን እያጠበቀ ፈገግ ይላል። «እትዬ፣ አይዞዎት፤ ፎር ዊል ነው!» በቃ፣ ሌላ ክርክር የለም። መኪናው ይነሳል።

ይህች «ፎር ዊል ነው» የምትባል ነገር በእኛ በነጋዴዎች ዘንድ የሁሉም ጥያቄ መልስ ሆናለች። የጎማው ጥርስ አልቋል ሲባል ፎር ዊል ነው። ጭነቱ በዝቷል ሲባል ፎር ዊል ነው። ወንዙ ሞልቷል ሲባል፣ መሽቷል ሲባል፣ ሹፌሩ አልተኛም ሲባልም ያው ነው። መኪና የሚያሻሽጠን ደላላም ይህን ስለሚያውቅ፣ ስለ ፍሬኑ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ማንሻውንና ቁልፎቹን እየቆጠረ ዋጋ ይጨምርብናል። እኛም እንከፍላለን። ጠባችን ከዚህ ልማድ ጋር ነው፤ ከሹፌሮች ጋር ሳይሆን በመጀመሪያ ከራሳችን ጋር።

እኛ አራት ቤተሰቦች ነን። ከያቤሎ፣ ከዱብሉቅና ከሜጋ አካባቢ ገበያዎች በቆሎና ቦሎቄ እየሰበሰብን ሞያሌ እናወርዳለን። ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ በኪራይ መኪና እስከ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ እንደርሳለን። ፒካፑን የገዛነው ግማሹን በእቁብ፣ ግማሹን አንዷ እህታችን ከሪያድ በላከችው ገንዘብ ነው። ሃይሉክስ ነው፤ ማንሻ ያለው፣ ፎር ዊል። እህታችን በስልክ ደጋግማ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፎር ዊል ነው አይደል?» አዎ አልናት። ጎማው እንዴት ነው ብላ አልጠየቀችንም። እኛም አልጠየቅንም።

አምና በሚያዝያ፣ ዝናቡ በደንብ በገባበት ሳምንት፣ ሹፌራችን ከዋናው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ካለ መንደር 16 ኩንታል በቆሎ ጭኖ ወጣ። ጭቃውን በፎር ዊል አለፈው፤ እጁ የተመሰገነ ልጅ ነው። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ግን ማንሻውን አልመለሰውም። ለምን ይመልሰው? እየዘነበ ነው፣ አስፋልቱ ርሷል፣ ፎር ዊል ደግሞ «ይይዛል»። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁልቁለት ላይ አንድ ኩርባ ጋ ሲደርስ መሪውን አዞረ፤ መኪናው አልዞረም። ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ወጣ፣ ቦዩን ዘለለና በጎኑ ተኛ። የሹፌሩ ጭን ተሰበረ። ረዳቱ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ እንደተለመደው ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነፍሱ ተርፋለች። ቀኝ ክንዱ ግን እስከ ዛሬ አይዘረጋም።

እኛስ ምን አደረግን? ተሰብስበን ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ብለን ወሰንን። ፎር ዊል መኪና ሰጥተነው እንዴት ይገለብጣል? የሁለት ወር ደሞዙን ያዝንበት። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ዓይናችንን የገለጠልን መኪናውን ያየው መካኒክ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በእጁ ዳሰሰና «ይሄ እኮ ጎማ አይደለም፣ ፊኛ ነው» አለን። ቀጥሎም «ፎር ዊሉ ገብቶ ነበር» አለ። እኛ መከላከያ ያገኘን መስሎን «አዎ! ገብቶ ነበር!» አልን። ሰውዬው ለአፍታ አየንና «እንግዲህ አንዱ ምክንያት እሱ ነው» አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከአራታችን ቤተሰብ ፎር ዊል ምን እንደሚሠራ በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። በመኪና ነው የምንኖረው፣ ግን አናውቀውም። ሹፌራችንም ቢሆን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ስለዚያች ማንሻ አንድ ቀን እንኳ አልተነገረውም፤ የተማረው ከሌላ ሹፌር፣ ያም ከሌላ ሹፌር ነው።

ፎር ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለሁለት ጎማ በመሄድ ፈንታ ለአራት ይከፈላል ማለት ነው። ጭቃ ውስጥ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሲሽከረከሩ ቦታው ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር መኪና፣ የፊቶቹ ሲጎትቱለት ይወጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አንክድም። ፍሬን ሲረገጥስ? የማንኛውም መኪና ፍሬን፣ የድሮዋ ኮሮላም ብትሆን፣ የሚይዘው አራቱንም ጎማ ነው። ፍሬን ረግጦ መቆም ላይ ፎር ዊሉ ከኮሮላዋ የሚበልጥበት ነገር የለውም። ለማቆም ያለው ጎማው መንገዱን የሚነካባት መዳፍ የምታክል ቦታ ናት፤ እሷ ላይ ጥርስ ከሌለ ማንሻው ምንም አይፈጥርም።

የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ፎር ዊል መኪናውን ያለ ችግር ስለሚያስነሳው፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት ይደብቅብናል። በሁለት ጎማ የሚነዳ ሰው ገና ሲነሳ ኋላው ወዲያ ወዲህ ሲልበት «ኧረ ዛሬ መንገዱ ክፉ ነው» ይልና ይቀዘቅዛል። በፎር ዊል የሚነዳው ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። በ60 እና በ70 እየሄደ ሁሉ ሰላም ይመስለዋል፤ መንገዱ ክፉ መሆኑን የሚሰማው ፍሬን በረገጠባት ወይም መሪ ባዞረባት ቅጽበት ነው። ያኔ መስማት ምን ያደርጋል?

አስፋልቱ ላይ ማንሻው ሳይመለስ መሄዱ ለምን ጉዳት እንዳለው ደግሞ መካኒኩ ሁለት ጠርሙስ ክዳን መሬት ላይ እየጎተተ አሳየን። መኪና ሲታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም፤ የፊቶቹ ሰፋ ያለ ክብ ነው የሚዞሩት። በእኛ ዓይነቱ ሃይሉክስና በ70 ሞዴሎቹ ላንድክሩዘር ፎር ዊል ሲገባ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚወስዱት ዘንጎች አንድ ላይ ይታሰራሉ። በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል የለም። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ልዩነቱ ይካካሳል። አስፋልት ግን አይለቅም። ስለዚህ መሪው ይከብዳል፤ መኪናው ከመታጠፍ ቀጥ ማለት ይመርጣል፤ ጎማ ይበላል፤ ቆይቶም ካምቢዮው አጠገብ ያለው የፎር ዊሉ ማከፋፈያ ይሰበራል። ማንሻውን ለመመለስ ሲሞክሩ ድርቅ ብሎ እንቢ የሚለውም ለዚህ ነው። ስንቱ ሹፌር «ፎር ዊሉ ተበላሸ» ብሎ ጋራዥ ገብቷል፤ መኪናውን ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቢመልሰው ብዙ ጊዜ ይለቅለት ነበር።

(አብዛኞቹ ፕራዶዎችና ላንድክሩዘር 200 ከዚህ ይለያሉ። እነሱ ሁልጊዜም በአራቱ ጎማ ነው የሚሄዱት፤ መሃል ላይ ዲፈረንሻል አላቸው። እነሱን የሚጎዳው መሃሉን ቆልፎ አስፋልት ላይ መሄድ ነው። ስለዚህ «የእገሌ መኪና በፎር ዊል አስፋልት ላይ ይሄዳል፣ የእኛስ ለምን?» የሚል ሰው የሚያወዳድረው ሁለት የተለያየ ነገር ነው።)

የድሮውን ላንድክሩዘር ካነሳን አንድ የሚያስቅ ነገር እንንገራችሁ። ከእኛ አንዱ ቤተሰብ በፊት የነበረው መኪና የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር ቁልፍ የነበረው ነው። እሱ ካልተቆለፈ ውስጥ ያለውን ማንሻ መቶ ጊዜ ቢጎትቱት የፊት ጎማ አይሠራም። መኪናውን በገዛን በሦስተኛው ሳምንት ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ስንቆፍር ዋልን። በመጨረሻ አንድ የጫት መኪና ሹፌር አጠገባችን ቆመ፣ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጎማዎች ቀጭ ቀጭ አደረጋቸው። መኪናው ወጣ። ሰውዬው ምንም ሳይናገር ሄደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ፎር ዊል ነው» እያልን ስንፎክር የነበረው በሁለት ጎማ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከማንሻው የባሰ መጥቶብናል፤ ማዞሪያው። ላንድሮቨር በ2004 እ.ኤ.አ. ዲስከቨሪ 3 ላይ ካወጣው ወዲህ ሌሎቹም ተከትለውታል፤ ቶዮታም የራሱ አለው። ሹፌሩ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ድንጋይ እያለ እንደ ራዲዮ ጣቢያ ይመርጣል። ደላሎች በዚህች ማዞሪያ ምን ያህል እንደሚጨምሩ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ማዞሪያውን አንጠላም፤ ሥራውን ለሚያውቅ ጥሩ ዕቃ ነው። የምንጠላው እንደ ታቦት ማየቱን ነው።

ሥራው ይህ ነው። ማዞሪያው ለመኪናው አንድ ጎማ፣ አንድ ጥርስ አይጨምርም። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በምን ያህል ፍጥነት እንዲሰጥ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው መቼ ማርሽ እንዲቀይር፣ ያለ ሥራ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ቶሎ እንዲይዘው ወይስ እንዲታገሰው ልኩን ይለውጣል። አሸዋ ሲባል ጎማው እንዲሽከረከር ይፈቅዳል፤ አሸዋ ላይ ግስጋሴው ከጠፋ መኪናው ይሰምጣልና። ኮረኮንችና እርጥብ ሣር ሲባል ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የነዳጁን ፔዳል ያለሰልሳል፣ ጎማው ገና ማምለጥ ሲጀምር ጉልበት ይቀንሳል። ድንጋይ ሲባል በሎ ማርሽ እንደ ኤሊ እንዲሄድ ይረዳል። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ሎ ካልገባ ማዞሪያው ጭራሹን አይሠራም፤ ሹፌሩ ያዞረዋል፣ መኪናው አይሰማውም።

እንግዲህ ምርጫው ከተሳሳተ መኪናው የተነገረውን ስህተት በታማኝነት ይፈጽማል። የኮረኮንቹን ምርጫ ይዞ አሸዋ የገባ ሰው፣ ግስጋሴ በሚያስፈልገው ሰዓት ኮምፒውተሩ ሞተሩን ያንቀዋል። የአሸዋውን ምርጫ ረስቶ እርጥብ አስፋልት ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ለነዳጁ የሚቸኩል፣ ለመንሸራተት የሚፈቅድ መኪና ይዞ ነው የሚሄደው።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወንድሞቻችን ቪዲዮ ይልኩልናል። ነጭ ላንድክሩዘር የአሸዋ ተራራ ላይ እንደ ፍየል ሲወጣ። «ይህን ግዙ፤ ማዞሪያውን አሸዋ ላይ ታደርጉታላችሁ፣ በቃ!» ይሉናል። ፍቅራቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን የዚያ አገር ሰዎች አሸዋው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ተንበርክከው ከአራቱም ጎማ ንፋስ ይለቃሉ፤ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረውን እስከ 18 እና 15 ያወርዱታል፤ ጎማው ተዘርግቶ አሸዋውን ሳይቆፍር ከላዩ እንዲሄድ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከማዞሪያው ነው፤ ንፋስ የተለቀቀበት ተቆርጧል። እነሱ ያለ ጭነት ለጨዋታ ነው የሚወጡት፤ የእኛ መኪና ከነጆንያው እዚያ ድረስ ንፋሱ ቢወርድ ጎማው ከቼርኪው ይወጣል። ደግሞ ንፋስ የለቀቀ ሰው አስፋልት ከመድረሱ በፊት መልሶ መሙላት አለበት፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይፈነዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያና መለኪያ ነው። ዋጋው ደላላው ለማዞሪያው ከሚጨምርብን ጋር አይወዳደርም። ከስንቶቻችን መኪና ውስጥ አለ?

እኛም የማዞሪያ ትምህርታችንን በገንዘባችን ገዝተናል። ከማርሳቢት ወደ ኖርዝ ሆር ዕቃ ልናደርስ ማዞሪያ ያለው ፕራዶ ተከራይተን ነበር። በመንገዱ ላይ ጫልቢ የሚባለው በረሃ አለ፤ ጨዋማ ሜዳ ነው፣ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ወለል የጠነከረ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ሜዳው ዳር አንድ የጋብራ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ይዘው አገኘናቸው። በኦሮምኛ «ከላይ የደረቀ ይመስላችኋል፤ ከሥሩ ገንፎ ነው፤ በድንጋዩ በኩል ዙሩ» አሉን። እኛ ማዞሪያውን አየን፤ ሽማግሌውን አየን፤ ማዞሪያውን አመንን። ወደ 200 ሜትር ያህል ሄድን። ከዚያ ቅርፊቱ ተሰበረና መኪናው እስከ ሆዱ ገባ። ሆዱ መሬት የነካ መኪና ጎማዎቹ ቢዞሩም ቢቆሙም አንድ ነው፤ ክብደቱን የያዘው ጭቃው ነው። ሌሊቱን እዚያው አደርን። በማግስቱ ያወጡን ሽማግሌው የላኳቸው ወጣቶች ናቸው፤ በአካፋና ጎማው ሥር በደረደሩት ድንጋይ። ስለ ማዞሪያው ምንም አላሉንም፤ ከትህትናቸው ይሆናል።

ከመንገዱ ሁሉ ግን ብዙ ንብረት የሚበላን ጥቁር አፈሩ ነው፤ ዋልካው። በመተማ በኩል የሚነግዱ ወዳጆቻችን ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ባለው ሜዳ ዓመት ዓመት ሲታገሉት ኖረዋል፤ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን ለስላሳ ኳስ ያደርገዋል። አራት ለስላሳ ኳስ ቢዞሩ ከሁለት በምን ይሻላሉ? መንገዱ መሃሉ ጉብ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ መኪናው ፎር ዊል ገብቶለት ቀስ እያለ በጎኑ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው የለም። ለዋልካ መድኃኒቱ ማንሻ ሳይሆን መቆም ነው። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ሰዓት ከመታችው ላዩ ይጠነክራል፤ ያኔ በሃይ ፎር ዊል፣ ሳይቆሙ፣ ነዳጁን ሳያንቀጠቅጡ ይታለፋል። ይህን ማንም የያቤሎ ገበሬ ያውቀዋል። የማያውቀው፣ ወይም ማወቅ የማይፈልገው፣ ሞያሌ ተቀምጦ ጭነቱን የሚጠብቀው ባለቤት ነው።

የአሸዋ ወንዞቹንም እንዲሁ። በሰሜን ኬንያና በቦረና ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነው ወንዝ፣ እዚህ አንዲት ጠብታ ሳይዘንብ፣ ተራራ ላይ በጣለው ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ከሆነ ፒካፕንም ይወስዳል። ጎማ በንፋስ የተሞላ ነገር ነው፤ ውኃ ያነሳዋል። መሬት ያልነካ ጎማ አራትም ይሁን ስምንት ምን ይይዛል? በእግር ገብቶ ያልለካውን ውኃ በመኪና የሚገባ ሹፌር ጎበዝ አይባልም። ከተሻገረ በኋላም ፍሬኑን ደጋግሞ ነካ ነካ አድርጎ ካላደረቀው፣ ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የለውም።

በዲዳ ገልገሉ በኩል ከዋናው መንገድ ለሚወጡ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ አለ። እዚያ ሎ አስገብቶ እንደ ሰው እርምጃ መሄድ ነው፤ የሚያልቀው የጎማው ጎን ነው፣ ትርፍ ጎማ አንድ ብቻ ይዞ የሚገባ አይግባ። ስለ ኮረኮንች ብዙ አንልም፤ ፎር ዊል በትክክል የሚያገለግለው እዚያ ነው፤ መኪናውን ያረጋጋዋል። ያም ሆኖ ጠጠር ላይ ፍሬን ከአስፋልት ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ርቀቱን ያንኑ ያህል ማስፋት ይገባል።

አስፋልቱንስ? ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድሮ ለጭነት መኪና ቀናት ይፈጅ የነበረው መንገድ ዛሬ ለጥ ያለ ነው፤ እና አሁን የምንፈራው እሱን ነው። ድንበሩን ስንሻገር ከቀኝ ወደ ግራ እንዞራለን፤ የእኛ አገር መኪና መሪው በግራ፣ የእነሱ በቀኝ ነው፤ ለመቅደም ሲሞክር የሚያይለት ረዳቱ ነው። ማርሳቢት ተራራ ላይ ጠዋት ጉም ይወርዳል፣ አስፋልቱ ይረጥባል። እዚያ ጉም ውስጥ ፎር ዊል ለማንም ምንም አይሰጥም። ቁልቁለቱን ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርድ ሰውም አይተናል። ሞተሩ እንዲይዝለት በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው፣ የጫነውን ሁሉ ፍሬን ላይ ይጥላል። የቆጠበው ነዳጅ ስንት ሊትር ይሆን?

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሃይሉክስ ከፋብሪካው የተፈቀደለት ጭነት ወደ አንድ ቶን ነው፤ 10 ኩንታል ገደማ። እኛ 16 ጫንን። እንዲችል ብለን ባሌስትራ አስጨምረን ነበር። ባሌስትራው ሲጨመር መኪናው መጉበጡን ተወ፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው፣ ጎማው ያው ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሚከብድ የፊቱ ይቀላል፤ መሪ የሚያዞረው ደግሞ የፊቱ ነው። ይህን ሁሉ ያደረግነው እኛ ነን። ሹፌሩ «በዝቷል» ብሎን ነበር። የመለስንለትን መልስ ታውቁታላችሁ።

ሌላም አለ። ሆስፒታል ልንጠይቀው የሄድን ቀን ሹፌራችን ስልኩን ሰጠን፤ ምንም አላለንም። ከመገልበጡ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ ከእኛ ሰባት ጥሪ ነበር። ሰባት! «የት ደረስክ?» «ገዥው ሊሄድ ነው።» «ምን ሆነህ ነው የምትዘገየው፣ ፎር ዊል አይደለም እንዴ?»

«ገበያ አይጠብቅም፤ ሁለት ቀን ከቆምን ትርፋችን ሄደ» የሚል ነጋዴ እንዳለ እናውቃለን፤ እኛም ስንል ኖረናል። ሒሳቡን ግን እንሥራው። ሁለቱን የኋላ ጎማ በጊዜው ቀይረን ቢሆን ኖሮ የምናወጣው፣ መኪናውን ለማንሳት ከከፈልነው ያንስ ነበር። የሕክምናውን፣ የረጠበውን በቆሎ፣ መኪናው ጋራዥ የቆመበትን አራት ወር አልቆጠርንም። የልጁን ክንድ ደግሞ በምን እንቁጠረው? «የድሮ ሹፌሮች ያለዚህ ሁሉ ወሬ ነድተው ኖረዋል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። የድሮ ሹፌሮች ግን ዝናብ ሲመጣ ቆመው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሞባይል አልነበራቸውም፤ ማንም ሰባት ጊዜ አይደውልላቸውም።

ሹፌሩ «ዛሬ አልሄድም» የሚልበት መብት ከሌለው፣ መኪናው ምንም ዓይነት ማዞሪያ ቢኖረው መንገዱን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ ያውም መንገዱን ሳያየው። ስለዚህ እኛ ለራሳችን ሕግ አወጣን። መኪናው በዝናብ ምክንያት ሲቆም ሹፌሩና ረዳቱ የቀን አበላቸውን ሙሉ ያገኛሉ፤ ከደሞዝ አይቆረጥም። ረዳት ጭነት ላይ አይቀመጥም፤ ከፊት ቦታ ከሌለ ነጋዴው ይቀራል። ከ10 ኩንታል በላይ አንጭንም፤ በዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ። የንፋስ መሙያና መለኪያ ገዝተናል። እናንተም ፎር ዊል ለመግዛት እቁብ የምትጥሉ ወገኖች፣ ደላላው ማዞሪያውን ሲያሳያችሁ ጎማው ሥር ተንበርከኩና ጥርሱን ዳስሱ፤ ከዚያ ዋጋ ተናገሩ።

የያዝንበትን የሁለት ወር ደሞዝ ለሹፌራችን መልሰናል፣ ከይቅርታ ጋር። ተቀበለን። ወደ መሪው ግን አልተመለሰም፤ አሁን ዱብሉቅ ላይ ትንሽ ሱቅ አለው፣ ስናልፍ ሻይ ያጠጣናል።

በመስከረም መጨረሻ አዲሱ ሹፌር ከያቤሎ ደወለ። «ጭኛለሁ፤ ግን ደመናው ከብዷል፣ የገጠሩ መንገድም ርሷል። ላድር?» አለ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር፣ አራታችንም እየሰማን ነው። አንደኛችን አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ሚስቱ ጉልበቱን ጫን አደረገችው።

«እደር፤ አበልህ አለ» አልነው። በቆሎው በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሞያሌ ገባ።